የሲሙሌተር አየር ሁኔታ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት በመስኮት እንጦጦን እዩ

ነሐሴ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። አራት ኪሎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብያለሁ። መስኮቴ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። እንጦጦ ፊት ለፊቴ መሆን ነበረበት፣ ግን ከወገቡ በላይ ደመና ውጦታል። ወዲያው በረዶ ጀመረ። የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማን ማንን ይሰማል። ኮምፒውተሬ ላይ ደግሞ፣ በበረራ ሲሙሌተር (ቤት ተቀምጦ አውሮፕላን ማብረሪያ ፕሮግራም)፣ ቦሌ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆሜያለሁ። የውጭውን የአሁን አየር ከኢንተርኔት የሚያመጣው የቀጥታ አየር ሁኔታ በርቷል። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ጥጥ የመሰለ ደመና እዚህም እዚያም። ሜክሲኮ አካባቢ ለሚሠራው ለሚስቴ ወንድም ደወልኩለት። «ኧረ እዚህ ፀሐይ ነው፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ።

ከሁለታችን የዋሸ የለም። የአዲስ አበባ ክረምት እንዲህ ነው። ሲሙሌተሩም ቢሆን ጨርሶ አልዋሸም፣ የተሰጠውን ዳታ ነው ያሳየኝ። ጉዳዩ ያለው የተሰጠው ዳታ ላይ ነው።

«የትኛውን የአየር ሁኔታ አድኦን (ሲሙሌተሩ ላይ የሚጨመር ሶፍትዌር) ልግዛ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣብኛል። ሰዉ መልሱን የሚፈልገው አውሮፓና አሜሪካ ተቀምጠው ቪዲዮ ከሚሠሩ ገምጋሚዎች ነው። እነሱ ጋ በየከተማው አየር ማረፊያ አለ፣ በየአየር ማረፊያው የአየር ሁኔታ ዘገባ ይወጣል፣ ስለዚህ ማንኛውም ሶፍትዌር ያምርበታል። እኛ ጋ ግን ከቦሌ ተነስታችሁ፣ ዓባይ በረሃን ተሻግራችሁ ባሕር ዳር እስክትደርሱ መሀል ላይ ያለው ሰማይ በአብዛኛው ግምት ነው። ስለዚህ የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ ሶፍትዌሩ ዘገባ በሌለበት ቦታ ምን ያደርጋል?

ሰማዩ ከየት ይመጣል?

ከሁለት ምንጭ ነው። አንዱ ሜታር ይባላል። አየር ማረፊያ ላይ ያለ ታዛቢ ወይም መሣሪያ በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ የሚያወጣው አጭር ኮድ ነው። ንፋስ፣ እይታ፣ ዝናብና ነጎድጓድ ካለ እሱ፣ ደመና፣ ሙቀት፣ ግፊት፣ አለቀ። ሌላው ሞዴል ነው። ትልልቅ ኮምፒውተሮች ዓለምን በሙሉ በሳጥን ከፋፍለው የሚያሰሉት ትንበያ ማለት ነው። በሲሙሌተር ሰፈር ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው የአሜሪካው ጂኤፍኤስ ነው። በቀን 4 ጊዜ ይሰላል። የአንዱ ሳጥን ጎን ወደ 13 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

13 ኪሎ ሜትር ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በቀጥታ መስመር 4 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቦሌም ሩቅ አይደለም። የእኔ በረዶና የሚስቴ ወንድም ፀሐይ ለሞዴሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ፣ እሱ ደግሞ አማካዩን ወስዶ «ትንሽ ደመና፣ ትንሽ ዝናብ» ብሎ ይገላገላል። የክረምቱን የከሰዓት ነጎድጓድ በትክክለኛው ሰፈር፣ በትክክለኛው ደቂቃ የሚያስቀምጥ የቤት ሲሙሌተር እስካሁን አላየሁም። አለኝ ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትስሙት።

ሜታርም የራሱ ጉድ አለው። ሦስት ነገር ልብ በሉ።

ሜታር ላይ የተጻፈው የደመና ከፍታ ከአየር ማረፊያው መሬት ተነስቶ ነው የሚለካው፣ ከባሕር ወለል አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል ወደ 7,600 ጫማ ላይ ነው። ስለዚህ ዘገባው «ደመና በ2,500 ጫማ» ካለ ደመናው ያለው 10,100 ጫማ ላይ ነው። ለንደን ወይም አምስተርዳም ላይ የሚበር ሰው ሁለቱን ቢያምታታ ምንም አይታወቀውም፣ መሬቱ ራሱ ባሕር ወለል ላይ ነው። እዚህ ግን ያምታታ ሶፍትዌር ደመናውን መሬት ውስጥ ይቀብረዋል፣ እናንተም ጥርት ባለ ሰማይ ትበራላችሁ።

ይህን ለመፈተን ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፣ እንጦጦ አለላችሁ። የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ነው። ከቦሌ መሬት ሲለካ 2,900 ጫማ ገደማ ከፍ ይላል። በመስኮት ስታዩ የተራራው ራስ በደመና ከተሸፈነ፣ የደመናው ግርጌ ከ2,900 ጫማ በታች ነው ማለት ነው። አሁን ሲሙን ክፈቱና ቦሌ ቆማችሁ ወደ ሰሜን እዩ። እዚያም ራሱ ተሸፍኗል? ተራራው ወለል ብሎ ከታየ ሶፍትዌሩ የሆነ ነገር ሳተ። እኔ አዲስ ነገር ስሞክር መጀመሪያ የማደርገው ይህንን ነው። አንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ካያችሁት ከየትኛውም ቪዲዮ የበለጠ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው እይታ ነው። ሜታር ላይ 9999 ማለት «10 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ» ነው። ከዚያ በላይ ስንት እንደሆነ አይናገርም። ሰነፍ ሶፍትዌር ግን ልክ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ጭጋግ ይጋርድባችኋል። መስከረም ላይ፣ ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሲጠራ፣ እንጦጦ ላይ ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ካያችሁ ዝቋላ ይታያል። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በጠራ ቀን በሲሙ እንጦጦ በላይ ውጡና ዝቋላን ፈልጉ። ካጣችሁት ቁጥሩን እንደወረደ የሚወስድ ሶፍትዌር ነው የያዛችሁት።

ሦስተኛው፣ ሜታር ስለ ላይኛው ሰማይ እምብዛም አይናገርም። አብራሪ ለማረፍና ለመነሳት የሚያስፈልገውን ዝቅ ያለ ደመና ነው የሚዘግበው፣ ነጎድጓዳማ ደመና ሲኖር ደግሞ እሱን። በ35,000 ጫማ ያለ ንፋስ እዚያ ውስጥ የለም፣ ስስ ላባ የመሰለ ደመናም የለም። ያንን የሚሞላው ሞዴሉ ነው። በሜታር ብቻ የሚሠራ ነገር ሲገዙ አዲስ አበባ–ፍራንክፈርት የሚበሩ ሰዎች የሚያጉረመርሙት ለዚህ ነው።

(በነገራችን ላይ ሜታር ላይ ያለው ሰዓት ዙሉ ነው፣ ማለትም የግሪኒች። ፈረንጁ 3 ደምር ይላችኋል። በእኛ አቆጣጠር ግን 3 ቀንሱ። 12፡00 ዙሉ ካለ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ የስድስት ሰዓት ልዩነት ባለው ዘገባ ሶፍትዌሩን ስረግም ኖሬያለሁ።)

ማይክሮሶፍት ያላችሁ

የ2020ው ወይም የ2024ቱ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ካላችሁ መጀመሪያ ምንም አትግዙ። አብሮት የሚመጣው የቀጥታ አየር ሁኔታ ከስዊዘርላንዱ ሜቲኦብሉ ነው ዳታውን የሚያገኘው፣ ያውም ሞዴል ነው። መጀመሪያ ላይ ሜታርን አይመለከትም ነበር። ቦሌ ላይ ንፋሱ ከምሥራቅ ነው ሲባል ሲሙ ከምዕራብ ያነፍስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ ሜታርን ከሞዴሉ ጋር መቀላቀል ጀመሩ። ቁጥሩ ተሻሻለ፣ ግን በየአየር ማረፊያው ዙሪያ ደመናው ክብ ሠርቶ የተቆረጠ ይመስላል የሚል ሌላ ቅሬታ መጣ። ሁለቱንም ማስደሰት ከባድ ነው።

እኔ አብሮት የመጣውን የምወድበት አንድ ትልቅ ምክንያት አለ። በተለያየ ቦታ የተለያየ ሰማይ ያሳያል። ቦሌ ፀሐይ እየመታችሁ ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ በኩል ጥቁር ግድግዳ ቆሞ ታያላችሁ። ትክክለኛ ቦታው ላይሆን ይችላል። የእኛ ክረምት መልክ ግን እሱ ነው። ንፋሱም ተራራ ሲያገኝ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ በትንሽ አውሮፕላን እንጦጦን ስትጠጉ ይሰማችኋል።

አሁን ወደሚሸጡት እንምጣ። ሁለት ስም ነው ደጋግማችሁ የምትሰሙት። አክቲቭ ስካይ እና ሬክስ ዌዘር ፎርስ።

አክቲቭ ስካይ ሂፋይ የሚባል ቡድን የሚሠራው ነው። በድሮዎቹ ሲሙሌተሮች ላይ ለዓመታት ንጉሥ ሆኖ ኖሯል። ለማይክሮሶፍቱ የተሠራው ሁለት አሠራር አለው። በአንዱ ራሱ ያዘጋጀውን አየር ሲሙ ውስጥ ይጭናል። በሌላው የሲሙን የራሱን አየር ሳይነካ መረጃውን ብቻ ያቀርብላችኋል። የመጀመሪያውን ስትመርጡ የቦሌ ንፋስ፣ ሙቀትና ግፊት ከዘገባው ጋር ይገጥማል። በኢንተርኔት እውነተኛ ሰው የትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆኖ በሚሠራበት እንደ ቫትሲም ባለ ኔትወርክ ላይ የምትበሩ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተቆጣጣሪው የሚያነብላችሁ እውነተኛውን ሜታር ነው። እሱ የአየር ግፊቱ 1025 ሄክቶፓስካል ነው እያላችሁ የእናንተ ሲም አየር 1013 ላይ ከሆነ በአንድ ሄክቶፓስካል ወደ 30 ጫማ ሂሳብ ከ300 ጫማ በላይ ትለያያላችሁ። እናንተ ትክክል የሆናችሁ ይመስላችኋል፣ እሱ ስክሪን ላይ ግን ሌላ ከፍታ ላይ ናችሁ።

ሌላው የአክቲቭ ስካይ ጥሩ ነገር ያለፈ ቀንን አየር መጫን መቻሉ ነው። አንዴ ከድሬዳዋ ስመለስ ልክ ከመውረዳችን በፊት የናጠንን መናጥ አልረሳውም፣ ጎኔ የነበሩ እናት መቁጠሪያቸውን ከቦርሳ አውጥተው ነበር። ቀኑን ቲኬቱ ላይ አይቼ ያንኑ በረራ ቤት ውስጥ ደግሜዋለሁ። መናጡ ያን ያህል አልነበረም። ንፋሱ ግን ያው ነው።

ግን ትልቅ ግን አለው። ማይክሮሶፍት በ2020ው ሲም ላይ ለውጭ ሠሪዎች ሰማዩን ቦታ በቦታ የሚስሉበት በር አልከፈተላቸውም። ስለዚህ አክቲቭ ስካይም ሆነ ሬክስ የራሳቸውን አየር ሲጭኑ ሰማዩ በሙሉ እናንተ ያላችሁበትን ቦታ ይመስላል፣ ስትጓዙ እየተቀየረ ይሄዳል። ቦሌ ጥርት ካለ ደብረ ብርሃን በኩልም ጥርት ብሎ ነው የሚታየው። ያ ሱሉልታ ላይ ያልኳችሁ ጥቁር ግድግዳ ጠፋ። ጠፍጣፋ ደመና ሰማዩን ሸፍኖ ለሚውልበት ለሰሜን አውሮፓ ይህ ብዙም አያስከፋም። ለእኛ፣ አንዱ ሰፈር ዶፍ ወርዶ ሌላው ሰፈር ልብስ ለሚሰጣበት ሀገር ግን ግማሹን ውበት ነው የሚወስደው።

ሬክስ ዌዘር ፎርስም በሜታር ላይ የቆመ ነው፣ ቀለል ያለ ነው፣ ለማስነሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሁለቱ ምረጥ ብትሉኝ አክቲቭ ስካይን እመርጣለሁ፣ የላይኛውን ንፋስና የበረራ መንገዱን መረጃ አሰባስቦ ማቅረቡ ስለሚመቸኝ። ሬክስ የሚባል ስም ያላቸው ሌሎች ምርቶችም አሉ፣ የደመናና የሰማይ ቀለም ብቻ የሚቀይሩ። እነሱ ቀለም ናቸው፣ አየር ሁኔታ አይደሉም። አንድ ጓደኛዬ አሳስቶት ገዝቶ «ዝናቡ የታለ?» እያለ ሲፈልግ ከርሟል።

ፍርዴን ልናገር። የክረምት ሰማይ ማየት ከሆነ የምትፈልጉት አብሮ የመጣው ይበቃል። ቁጥሩ ልክ እንዲሆን የምትፈልጉ፣ ከተቆጣጣሪ ጋር የምትበሩ፣ ወይም የአብራሪነት ትምህርት ላይ ሆናችሁ በቤት የምትለማመዱ ከሆነ አክቲቭ ስካይ ገንዘቡን ያወጣል። መሀል ላይ ያለ ሰው ገንዘቡን ለዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለሚያቆይ ባትሪ) ቢያደርገው ይሻለዋል።

ኤክስ-ፕሌን ያላችሁ

ኤክስ-ፕሌን ሌላው የበረራ ሲሙሌተር ነው። 12ኛው እትሙ ላይ ጉዳዩ አጭር ነው፦ አትግዙ። ጂኤፍኤስንም ሜታርንም ራሱ እያወረደ ያቀላቅላል፣ ደመናው ውፍረት ያለው ነው፣ ማኮብኮቢያው ሲረጥብ ይታያል፣ ፍሬን ስትይዙም ይሰማል። የወረደው ፋይል ኮምፒውተራችሁ ላይ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ኔትወርክ መሀል ላይ ቢሄድ ሰማዩ ባዶ አይሆንም። ማክና ሊኑክስ ላይም ይሠራል። የእንጦጦን ፈተና ካየኋቸው ሁሉ ብዙ ጊዜ ያለፈው እሱ ነው፣ ደመናው መልክ ላይ ግን ከማይክሮሶፍቱ ያንሳል። ከሩቅ ሲታይ የተበጣጠሰ ብርድ ልብስ ይመስለኛል፣ ሌላ ሰው ላይመስለው ይችላል።

11 ላይ የቀራችሁ፣ በተለይ ላፕቶፓችሁ አርጅቶ 12ን የማይችለው፣ ሦስት መንገድ አላችሁ። ኖኣ ዌዘር የሚባል ነፃ ተሰኪ አለ። ጂኤፍኤስን ያወርዳል፣ የላይኛውን ንፋስ ያስተካክላል፣ መልኩ የድሮው ነው። አክቲቭ ስካይ ለ11ም አለው፣ ቁጥሩ የታመነ ነው። ኤክስኤንቫይሮ ደግሞ ሰማዩን በሙሉ የራሱ አድርጎ ይስለዋል። በጣም ያምራል፣ ግራፊክስ ካርዳችሁን ግን ያስለቅሰዋል። ደከም ባለ ላፕቶፕ ሞክሬው አውሮፕላኑ እንደ ስላይድ ነበር የሚሄደው። 11 ራሱ ከሦስት በላይ የደመና ንብርብር አይቀበልም፣ ስለዚህ የሚሰኩበት ነገሮች ከዚያ ጣሪያ ጋር እየታገሉ ነው የሚኖሩት።

ፕሪፔርድ በሚባለው ሲሙሌተር ላይ የምትበሩ ጥቂት አላችሁ። ለእናንተ አክቲቭ ስካይ ነው፣ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም።

ገንዘብ ማውጣት ለማትፈልጉ

ፍላይትጊርን ሰው ለምን እንደሚንቀው አይገባኝም። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ የድሮ ኮምፒውተር ላይ ይነሳል፣ ሜታር ራሱ ያወርዳል። አየሩን ሲያዘጋጅ ሁለት አማራጭ ይሰጣችኋል። ዝርዝሩን አሠራር ከመረጣችሁ የደመናውን ክምር እንደ መሬቱ ዓይነትና እንደ ቀኑ ሰዓት ነው የሚያበቅለው። ጠዋት ጥቂት፣ ከሰዓት ብዙ። ይህ ለእኛ ሀገር ምን ያህል እንደሚስማማ ያየ ሰው ያውቀዋል። የአውሮፕላኑና የከተማው ምስል ግን ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል፣ አዲስ አበባን ፍለጋ አትውጡ፣ አታገኟትም።

ሌላው ነፃ መንገድ በእጅ ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን አየር ሁኔታ ማዕከል ድረ ገጽ ላይ የቦሌን ኮድ፣ ኤች ኤ ኤ ቢ ብላችሁ አስገቡ፣ ሜታሩን አንብቡ፣ ከዚያ ሲሙ ውስጥ የራሳችሁን አየር ሥሩ። ንፋስ አስገቡ፣ ደመናውን ከፍታው ላይ አድርጉ፣ ሙቀትና ግፊት ሙሉ። ሁለት ደቂቃ ነው። ለግማሽ ሰዓት የቦሌ ዙሪያ ልምምድ ማንም ሶፍትዌር ከዚህ አይበልጥም፣ ሜታር ማንበብም በዚያው ትማራላችሁ። ሩቅ ለመሄድ ግን አይሆንም።

ቦሌ ላይ ሙቀቱ ቀልድ አይደለም

ሰው ሁሉ ስለ ደመና ያወራል፣ እኔ ስለ ቴርሞሜትሩ ላውራ። በ7,600 ጫማ ላይ በመደበኛው የአየር ሠንጠረዥ መሠረት ሊኖር የሚገባው ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ ነው። ቦሌ ግን የካቲት ከሰዓት 25 ዲግሪ ይሆናል። ሞቃት አየር ስስ ነው፤ ግፊቱ መደበኛ ነው ካልን፣ በአንድ ዲግሪ 120 ጫማ ሂሳብ አውሮፕላናችሁ የሚሰማው 10,600 ጫማ ላይ እንዳለ ነው። ለዚህ ነው ትንሿ ሴስና አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ሩጣ ሩጣ የማትነሳው። እናንተ ደግሞ አውሮፕላኑ የተበላሸ ይመስላችኋል።

አሁን ሶፍትዌራችሁ ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ቢስት 1,200 ጫማ ሳታችሁ ማለት ነው። ደመናው የፈለገውን ያህል ቢያምር እሱን አያካክስም። ስለዚህ ከእንጦጦው ፈተና ቀጥሎ ይህን አድርጉ፦ ቦሌ ቆማችሁ የውጭ ሙቀት መለኪያውን አንብቡ፣ ከሜታሩ ጋር አስተያዩ። ሁለት ሦስት ዲግሪ ልዩነት ምንም አይደለም። ስምንት ከሆነ ነገር አለ። ያለ ዘገባ የቀሩ ትንንሽ ሜዳዎች ላይ፣ ተራራ ተራራውን ስትሄዱ ደግሞ፣ ሶፍትዌሩ ሙቀቱን ከሩቅ ጣቢያ አምጥቶ ከፍታውን ሳያስብ የሚለጥፍ ከሆነ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ የአየር ሁኔታ ፕሮግራም ነበረኝ። ማታ ነው፣ ከናይሮቢ ተነስቼ ቦሌ ልገባ ማኮብኮቢያው ፊት ለፊቴ በርቷል፣ ጎማ ወርዷል፣ ወደ 600 ጫማ ቀርቶኛል። ልክ እዚያ ላይ አዲስ ሜታር መጣ። ፕሮግራሙ ሰማዩን በአንድ ጊዜ ቀየረው። ደመናው ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ሌላ ደመና መጣ፣ የፊት ንፋሱ የኋላ ንፋስ ሆነ፣ አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ ወረደ። የአራት ሰዓት የቅዳሜ ማታ ልፋት ገደል ገባ። ባለቤቴ ከሳሎን «ምን ሆንክ?» አለች፣ «ተከሰከስኩ» አልኳት፣ «እራት ቀርቧል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የማያቸው ቅንብሮች ሁለት ናቸው። አንዱ ንፋሱ ቀስ እያለ እንዲቀየር የሚያደርግ ማለስለሻ አለው ወይ? ሌላው ወደ መሬት ስትጠጉ ማደሱን እንዲያቆም ማዘዝ ይቻላል ወይ? ገጹ ላይ ካልተጻፈ ጠይቁ፣ ካልመለሱላችሁ ተዉት።

ኔት፣ መብራት፣ ክፍያ

የአየር ሁኔታ ዳታ ኪስ አይጎዳም። ሜታር ጽሑፍ ነው። ፓኬጃችሁን የሚበላው የምድሩ ምስል ነው። የ2024ቱ ማይክሮሶፍት ለዝቅተኛው ደረጃ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል፣ የሚመክረው ደግሞ 50 ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ነገር እየበረራችሁ ነው የሚያወርደው። 2020ው መጀመሪያ ከ100 ጊጋባይት በላይ ያስወርዳችኋል፣ ከዚያ በኋላ ግን የምድሩን ምስል አጥፍታችሁ የቀጥታ አየሩን ብቻ ማስቀረት ትችላላችሁ፣ ቅንብሩ ውስጥ ለየብቻ ናቸው። በሞባይል ዳታ ለሚበር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ወሩ መጨረሻ ላይ የምበረው እንደዚያ ነው፣ ከታች አረንጓዴ ጨርቅ፣ ከላይ እውነተኛ ደመና።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፕ ያለው ይተርፋል፣ ራውተሩ ግን ይጠፋል። ትንሽ ባትሪ ለራውተሩ ብቻ ብትገዙ አድኦን ከመግዛት ይቀድማል።

ክፍያ ላይ፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው እሰየው። የሌለን ውጭ ያለ ዘመድ እናስቸግራለን። የእኔ የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን ነው፣ በእሱ ካርድ ገዛሁ፣ ሞኝነቴ በእሱ ኢሜይልም መመዝገቤ። ሃርድ ዲስክ ስቀይር ፈቃዱን እንደገና ማንቃት ነበረብኝ፣ ኮዱ ለእሱ ተላከ፣ እዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ እንቅልፍ ነው። ካርዱ የዘመድ ይሁን፣ ኢሜይሉ ግን የራሳችሁ። ሲገዙ ደግሞ ስንት ኮምፒውተር ላይ እንደሚፈቅድና ገንዘብ ይመለሳል ወይ የሚለውን አንብቡ።

በፍላሽ «ክራክ አለኝ» የሚል አይጠፋም። የቀረው ነገር ይቅርና፣ የአየር ሁኔታ ፕሮግራም ዳታውን ከሠሪው ሰርቨር ነው የሚያመጣው። ያለ ፈቃድ ብዙ ጊዜ መስኮቱ ይከፈታል፣ ሰማዩ አይመጣም።

ፍሬም (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ቀነሰብኝ ብላችሁ ፕሮግራሙን አትራገሙ። ዳታ የሚጭነው ሶፍትዌር ራሱ ቀላል ነው፣ የሚከብደው የደመናው ሥዕል ነው። ከቅንብሩ የደመናውን ጥራት አንድ ደረጃ አውርዱ። ነሐሴ ላይ ብትሞክሩት ታኅሣሥ ላይ ከምታዩት ፍሬም ቢያንስ አይግረማችሁ፣ በጋ ላይ ሰማዩ ባዶ ነው።

ይህን ስጨርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ሜታሩ «ጥቂት ደመና፣ ነጎድጓዳማ ደመና በአካባቢው» ይላል። ማይክሮሶፍቱ ፀሐይ ነው፣ ኤክስ-ፕሌኑ ግማሽ ግማሽ። እንጦጦ ከወገቡ በላይ የለም። ልብስ ላስገባ።